ከውሉ በላይ ያለው መዝገብ፦ የካርቱም ቤትና መሬት ሽያጭ ሕግ ሲዳሰስ

የካርቱምን ቤትና መሬት ከሚመለከቱ ቀኖች ሁሉ አፕሪል 6 ቀን 1970ን የሚያህል የለም። (በዚህ ጽሑፍ ስለ ሱዳን የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የሱዳኑ መሪ ጃዕፈር ኒሜሪ ሥልጣን ከያዙ ዓመት ሳይሞላቸው የወጣው ያልተመዘገበ መሬት ሕግ፣ እስከዚያ ዕለት በመዝገብ ያልሰፈረ መሬት በሙሉ፣ ሰው ይኑርበትም አይኑርበትም፣ በመንግሥት ስም እንደተመዘገበ ይቆጠራል አለ። ከአያት ቅድመ አያቱ በወረሰው መሬት ላይ ቤት ሠርቶ የሚኖር ሰው ማታ ባለርስት ሆኖ ተኛ፤ ጠዋት ሲነሳ በመንግሥት መሬት ላይ የተቀመጠ ሆነ። ቤቱ አልፈረሰም፤ ጎረቤቱም የእሱ መሆኑን ያውቃል። መዝገቡ ግን አያውቀውም።

ዛሬም በካርቱም፣ በአጎራባቾቿ በኦምዱርማንና በባሕሪም ቤት ሲሸጥና ሲገዛ ከውሉ በስተጀርባ የሚቆመው ጥያቄ ይኸው ነው። ሻጭና ገዥ ተስማምተው፣ ገንዘብ ተቆጥሮ፣ ምስክር ፈርሞ፣ ቁልፍ ተላልፎ ሲያበቃ ባለቤትነት ያልተላለፈባቸው ቤቶች በሦስቱ ከተሞች ብዙ ናቸው። ሰዎች ይህን በደላላ ተንኮል ወይም በገዥ የዋህነት ያሳብቡታል። እኔ ግን ዋናው ጥፋት የመንግሥት ነው እላለሁ። ባለቤትነትን በመዝገብ ብቻ አውቃለሁ ያለ መንግሥት መዝገቡን ለሕዝቡ ክፍት ማድረግ ነበረበት፤ የሱዳን መንግሥታት ያደረጉት ግን ተቃራኒውን ነው።

መዝገቡ ሲጀመር እንዲህ አልነበረም። ካርቱም በ1885 የግብፅን አገዛዝ ሲወጋ በነበረው በማህዲ ሠራዊት እጅ ወደቀች፤ ዋና ከተማው ወደ ኦምዱርማን ዞረና አሮጌዋ ከተማ ፍርስራሽ ሆነች። እንግሊዞችና ግብፆች በ1898 ተመልሰው ሲገቡ የጠበቃቸው ባለቤቱ የማይታወቅ ምድር ነበር። የመጀመሪያ ሕጎቻቸው ስለ መሬት የሆኑትም ለዚህ ነው። በ1899 የወጣው ድንጋጌ የይገባኛል ባዮችን ቃል የሚሰሙ ኮሚሽኖችን አቋቋመ። ጥያቄውን ከማቅረቡ በፊት አምስት ዓመት ሳያቋርጥ መሬቱን ይዞ የቆየ፣ ወይም ኪራዩንና ምርቱን ሲቀበል የኖረ ሰው፣ ማንም የማይቃወመው ባለቤት ይሁን ተባለ። በካርቱም፣ በበርበርና በደንገላ ከተሞች ደግሞ ቦታ ያለው ሰው በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ቤት እንዲሠራ የሚያስገድድ ሌላ ድንጋጌ ወጣ።

ትልቁ ሕግ የ1925ቱ የመሬት ይዞታ አወሳሰንና ምዝገባ ሕግ ነው። መሠረቱ በ1858 በደቡብ አውስትራሊያ የተጀመረውና በጀማሪው ስም ቶረንስ የሚባለው ሥርዓት ነው። በዚህ ሥርዓት ባለቤትነትን የሚያጸናው መዝገቡ ራሱ እንጂ በየሰዉ ሳጥን የተቀመጠ የውል ክምር አይደለም። ገዥ የሻጩን ሻጭ፣ የዚያንም ሻጭ እየቆጠረ ወደ ኋላ መሄድ የለበትም፤ መዝገቡ ላይ የማን ስም እንዳለ ማየት ይበቃዋል። ለከተማ ሰው ይህ ትልቅ ምቾት ነው። ችግሩ ምዝገባው በአባይ ዳር ባሉ እርሻዎችና በከተሞቹ እምብርት ላይ ተካሂዶ የቀረውን የሱዳን ምድር ሳይነካ መቅረቱ ነው። የ1970ው ሕግ የመጣው ይህ ሥራ በጅምር እንዳለ ነው። ያልተሠራው ሥራ የባለሥልጣኑ ሆኖ ሳለ ቅጣቱ በባለይዞታው ላይ ወደቀ።

የ1970ው ሕግ በ1984ቱ የፍትሐ ብሔር ግብይቶች ሕግ ተሽሯል፤ መንፈሱ ግን አልተሻረም። የ1984ቱ ሕግ ኒሜሪ በ1983 ሸሪዓን ካወጁ በኋላ የመጣ ነው። መሬት የፈጣሪ ነው፣ መንግሥትም በአደራ የተረከባት ነው ይላል፤ ያልተመዘገበውንም መሬት ለመንግሥት እንደሰጠ ይቀጥላል። በ1990 የተደረገው ማሻሻያ ይባስ ብሎ ፍርድ ቤቶች ባልተመዘገበ መሬት ላይ በመንግሥት ላይ የሚነሳን ክስ እንዳይቀበሉ ከለከለ። ከሁሉም የከፋው ይህ ይመስለኛል። በ1970 ባለይዞታው መሬቱን አጣ፤ በ1990 ደግሞ የሚከራከርበትን በር አጣ።

አሁን ወደ ገበያው እንግባ። በካርቱም የሚሸጥ ቦታ በሁለት ዋና መልኮች ይመጣል። አንደኛው ሙልክ ሑር ነው፤ የጊዜ ገደብ የሌለው ሙሉ ባለቤትነት። ይህ በአብዛኛው ከ1970 በፊት በተመዘገቡ አሮጌ ሰፈሮችና የአባይ ዳር መሬቶች ላይ ይገኛል። ሁለተኛው ሂክር ነው፤ መንግሥት ለተወሰነ ዘመን በኪራይ የሰጠው ቦታ። አዲስ አበባ ላይ ሊዝ የምንለውን ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንም። የሂክር ቦታዎች ከ1940ዎቹ ጀምሮ አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ደረጃ እየተባሉ ተመድበዋል። ደረጃው ከፍ ሲል የቦታው ስፋት፣ የሚፈለገው የግንባታ ዓይነትና የኪራዩ ዘመን ያድጋል፤ ዝቅ ሲል ሁሉም ያንሳል። ከሦስተኛው በታች ደግሞ በጊዜያዊ ፈቃድ ብቻ የሚኖርባቸው አራተኛ ደረጃ የተባሉ ቦታዎች ነበሩ። የድሮዎቹ ደይሞች፣ ማለትም በከተማው ዳር የነበሩት የሠራተኛ መንደሮች፣ እንዲህ ያሉ ነበሩ። በ1949 መነሳት ሲጀምሩ ነዋሪው በርስቴ ነኝ የሚልበት ወረቀት በእጁ አልነበረም። ወደ ደቡብ ተዛውረው የተሠሩት አዲሶቹ ደይሞች ኋላ ለብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን መኖሪያ ሆነዋል።

አዲስ ቦታ የሚገኘው በመኖሪያ ቤት ዕቅድ ነው። አመልካቹ በትዳሩ፣ በልጆቹ ብዛትና በከተማው በቆየበት ዘመን ነጥብ ይሰጠዋል፤ አመልካቹ ግን ሱዳናዊ መሆን አለበት። ቦታውን ያገኘ ሰው ሳይሠራበት ሊሸጠው ሲፈልግ ነው ብዙው ጣጣ የሚጀምረው።

ሕጋዊው የሽያጭ መንገድ በወረቀት ላይ ሲታይ ቀላል ነው። ገዥው መጀመሪያ ከመሬት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ሸሃደት ባሕስ የተባለውን የመዝገብ ማጣሪያ ወረቀት ያስወጣል፤ ወይም ሻጩ ለሽያጭ ብሎ ያወጣዋል። ወረቀቱ የባለቤቱን ስም፣ የቦታውን ቁጥርና ስፋት፣ ሙልክ ሑር ወይም ሂክር መሆኑን፣ የባንክ መያዣ ወይም የፍርድ ቤት እግድ እንዳለበት ወይም እንደሌለበት ይናገራል። እኛ ዕዳና እገዳ ማጣራት የምንለው ነው። ቀጥሎ የሽያጩ ውል፣ ውል የማረጋገጥ ሥልጣን ባለው ጠበቃ ፊት በምስክሮች ይፈረማል። ከዚያ የመንግሥት ግብርና ክፍያ ተጠናቆ ስሙ በመዝገብ ይዞራል። ከአዲስ አበባ የሚለየው አንድ ነገር ልብ ይባል፤ የሱዳን የመሬት መዝገብ የሚያዘው በከተማ አስተዳደር ሳይሆን በዳኝነት አካሉ ሥር ነው። የመዝገቡ ባለሥልጣን ዳኛ ነው። ይህ ጥሩ ሥርዓት ነው፤ ቦታ የሚያድለው መሥሪያ ቤትና ባለቤትነትን የሚመሰክረው መሥሪያ ቤት አንድ አለመሆናቸው ገዥን ይጠብቃል።

የሕጉ ማሰሪያ ግን የመጨረሻው ደረጃ ነው። በሱዳን ሕግ የተመዘገበ ቤትና ቦታ ባለቤትነት በምዝገባ እንጂ በውል አይተላለፍም። በጠበቃው ፊት የተፈረመው ውል ሻጩን ያስገድደዋል፤ ገዥውም ሻጩን መክሰስ ይችላል። ነገር ግን ሻጩ ያንኑ ቤት ለሌላ ሰው ሸጦ ሁለተኛው ገዥ ነገሩን ሳያውቅ ቀድሞ ካስመዘገበ፣ ፊተኛው በእጁ የሚቀረው በሻጩ ላይ ያለው የገንዘብ ጥያቄ ነው። ሻጩ አገር ለቅቆ ከሆነ ደግሞ ጥያቄው የሚቀርብበት ሰው የለም። ለቀብድም እንዲሁ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ሻጩ ሐሳቡን ቢለውጥ ምን ይመልሳል፣ ገዥው ቢቀር ምን ያጣል የሚለው በውሉ ውስጥ በግልጽ ካልሰፈረ ጭቅጭቁ አይቀርም።

ታዲያ ሰው ለምን አያስመዘግብም? ወጪው፣ ወረፋው፣ ግብሩ። በዚህም ምክንያት ተውኪል፣ ማለትም የውክልና ሥልጣን፣ በካርቱም ገበያ የሽያጭን ቦታ ወስዷል። ሻጩ ገንዘቡን ይቀበልና ለገዥው ቤቱን እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ በስሙ እንዲያዞር የሚያስችል ሰፊ ውክልና ይሰጠዋል። ገዥው በተራው ለሦስተኛ ሰው በሌላ ውክልና ያስተላልፋል። ቤቱ አራት እጅ ሲዞር መዝገቡ ላይ ያለው ስም የመጀመሪያው ሰው ነው። ውክልና በመርሁ በወካዩ ሞት ይቋረጣል። ያ ሰው ሲሞት ወራሾቹ መዝገቡን ያያሉ፤ ቤቱ በአባታቸው ስም ነው፤ አራተኛው ገዥ ገንዘብ የከፈለው አባታቸው ለማያውቁት ሰው ነው። በዚህ ክርክር ማንም ወገን ውሸታም ላይሆን ይችላል፤ ወራሾቹም ገዥውም የየራሳቸውን እውነት ይዘው ይቀርባሉ። ይህን አሠራር ለማንም አልመክርም። ሆኖም የሚጠቀሙበትን ሰዎች መውቀስ አልችልም፤ የስም ዝውውርን ከአቅም በላይ ያደረገው እነሱ አይደሉም።

ከተውኪል የበለጠ ጥልቅ ጉዳይ የውርስ ነው። በቡሪ፣ በጀሬፍ፣ በቱቲ ደሴት ያሉት አሮጌ መሬቶች በ1925ቱ ሕግ ሲመዘገቡ የሰፈሩት በዚያን ዘመን አባወራዎች ስም ነበር። ሰውየው ሲሞት ንብረቱ በሸሪዓ ድርሻ ለሚስት፣ ለወንድ ልጅ፣ ለሴት ልጅ፣ አንዳንዴም ለወንድም ይከፋፈላል፤ ሴት ልጅ የወንድሟን ግማሽ ታገኛለች። ይህ በየትውልዱ ይደጋገማል። ፌዳን የተባለው የመሬት መለኪያ በ24 ቂራት ይከፈላል፤ ቂራቱም ለወራሾች ሲከፋፈል አንድ ሰው በመዝገብ ያለው ድርሻ እግር የማያስቆም ሊሆን ይችላል። መሬቱ በአካል ስላልተሸነሸነ እያንዳንዱ ወራሽ በጠቅላላው ላይ ድርሻ አለው እንጂ ይህ ጥግ የእኔ ነው ማለት አይችልም። ስለዚህ ከአንድ ወንድም ገዝቶ አጥር ያጠረ ሰው የገዛው ድርሻ ነው፤ የታጠረው ቦታ ግን የሁሉም ነው።

እዚህ ላይ ገዥው ሁለት ነገር ካላደረገ እንዳልገዛ ይቁጠር። አንደኛ፣ ወራሾቹ እነማን እንደሆኑ የሚያረጋግጠውን የሸሪዓ ፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ፣ ኢዕላም ሸርዒ የሚሉትን፣ ማየትና ሁሉም እንዲፈርሙ ማድረግ። ውጭ አገር ያለችው እህት፣ ሳትጠየቅ የቀረችው ሁለተኛ ሚስት፣ ዕድሜው ያልደረሰው ልጅ ሁሉ ይቆጠራሉ። ሁለተኛ፣ ሹፍዓን ማሰብ። ሹፍዓ በእስላማዊው ሕግ የቆየ መብት ነው፤ በሱዳን በ1928 ለብቻው ሕግ ወጥቶለት ነበር፣ በ1984ቱም ሕግ ውስጥ ቀጥሏል። የጋራ ባለድርሻ የሆነ ሰው ድርሻው ለባዕድ ሲሸጥ በዚያው ዋጋ ልግዛው ብሎ ገዥውን ማስወጣት ይችላል። የእኛም የፍትሐ ብሔር ሕግ ለጋራ ባለሀብት ተመሳሳይ የቀዳሚነት መብት ስለሚሰጥ ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ዘመድና ጎረቤት ተያይዞ በሚኖርበት ሰፈር ግን ሹፍዓ ገዥውን እስከ መጨረሻው የሚያሳስብ ነገር ነው።

ስለ ባንክ መያዣ ብዙ ማለት አያስፈልግም። በ1990 የወጣ ሕግ ባንኮች የያዙትን ቤትና ቦታ ያለ ፍርድ ቤት ክርክር እንዲሸጡ ስለፈቀደ፣ በሸሃደት ባሕሱ ላይ መያዣ ያየ ገዥ ዕዳው ተከፍሎ መያዣው ከመዝገቡ እስኪነሳ ገንዘቡን ባይሰጥ ይሻለዋል።

ከመዝገቡ ውጭ ያለው ካርቱም ግን ከመዝገቡ ውስጥ ካለው አያንስም። ከ1980ዎቹ ድርቅ ጀምሮ ከዳርፉርና ከኮርዶፋን፣ ከደቡቡም ጦርነት የተፈናቀለው ሕዝብ በሐጅ ዩሱፍ፣ በማዮ፣ በኡምበዳ፣ በሶባ አራዲ ሰፍሯል። በመንግሥቱ አጠራር ዓሽዋኢ፣ ሕገ ወጥ ሰፈር ነው፤ እኛ ጨረቃ ቤት የምንለው ዓይነት። በእነዚህ ሰፈሮችም ቤት ይሸጣል፣ ይገዛል። የሚሸጠው ሒያዛ ነው፤ ይዞታ ብቻ። ውሉን የሰፈሩ ሽማግሌ ወይም የአካባቢው ኮሚቴ ይመሰክርበታል። የ1984ቱ ሕግ በግል መሬት ላይ ለአሥር ዓመት በሰላምና በግልጽ የቆየን ይዞታ ወደ ባለቤትነት የሚያሻግር ድንጋጌ አለው። ግን ይህ በመንግሥት መሬት ላይ አይሠራም፤ ያልተመዘገበው ሁሉ ደግሞ የመንግሥት ነው። ስለዚህ ሠላሳ ዓመት የኖረም ሰው ሕግ ፊት ከትናንት መጤ አይሻልም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ተፈናቃዮች ከነዚህ ሰፈሮች ተነስተው ወደ በረሃው ዳር ተወስደዋል። በሜይ 2005 ሶባ አራዲን ለማስነሳት ፖሊስ ሲገባ ደም ፈሷል።

የእኛ ሰዎች በዚህ ሁሉ የት አሉ? ኢትዮጵያውያን በደርግ ዘመን በመተማና በገዳሪፍ በኩል ወደ ካርቱም ሲጎርፉ፣ አብዛኞቹ የገቡት ተከራይ ሆነው ወደ ደይምና ጀሬፍ ነው። በ1974 የወጣው የሱዳን የጥገኝነት ሕግ ለስደተኛ የሚሰጠውን መብት ዘርዝሮ ሲያበቃ፣ መሬትና የማይንቀሳቀስ ንብረት መያዝን ግን ለይቶ ከለከለ። ስደተኛ ያልሆነ የውጭ ዜጋም ቢሆን ያለ መንግሥት ልዩ ፈቃድ ባለርስት አይሆንም። ይህ የሱዳን ክፋት ብቻ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኛው የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 390 የውጭ አገር ሰው በኢትዮጵያ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለሀብት እንዳይሆን ሲከለክል ኖሯል።

ከልካይ ሕግ ባለበት የሚበቅለው መንገድ የታወቀ ነው፦ በሰው ስም መግዛት። ዓመታት ሻይ ሸጣ፣ ምግብ ቤት ከፍታ ገንዘብ ያጠራቀመች ሴት ቤቱን በሱዳናዊ ጓደኛዋ ወይም ባለቤቷ ስም ታስመዘግባለች። በሁለቱ መካከል ቃል አለ፤ አንዳንዴም በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ የተጻፈ ስምምነት። ሰውየው ታማኝ ሊሆን ይችላል፤ ብዙዎቹም ታማኞች ነበሩ። ግን እሱ ሲሞት ወራሾቹ፣ ሲፋታ የቀድሞ ሚስቱ፣ ዕዳ ሲይዘው ባንኩ የሚያዩት መዝገቡን ነው። የስምምነት ወረቀቷም ፍርድ ቤት ስትቀርብ ክልከላውን ለመሻገር የተደረገች መሆኗን ራሷ ትመሰክራለች።

ሕግ ዜግነትን ሲቀይር በመሬት ላይ ምን እንደሚሆን ደቡብ ሱዳን በጁላይ 9 ቀን 2011 ነጻ ስትወጣ ታይቷል። በካርቱም ተወልደው ያደጉ ደቡቦች የሱዳን ዜግነታቸውን አጡ፤ ቦታቸውን በወቅቱ ባገኙት ዋጋ ሸጠው የወጡ ብዙዎች ናቸው። ሁለቱ መንግሥታት በሴፕቴምበር 2012 አዲስ አበባ ላይ የፈረሙት የአራቱ ነጻነቶች ስምምነት አንዱ የሌላው ዜጋ በአገሩ እንዲኖር፣ እንዲዘዋወር፣ እንዲሠራና ንብረት እንዲያፈራ እንዲያስችል ታስቦ ነበር። ግብፅና ሱዳን በ2004 ተመሳሳይ ስምምነት አድርገዋል። በካርቱም ለአርባና ለሃምሳ ዓመት የኖረው ሐበሻ ግን በእነዚህ ስምምነቶች ውስጥ የለም። ስምምነት በከተማችን ሲፈረም ማስተናገድ ከቻልን፣ ለራሳችንም ሰዎች አንድ መጠየቅ ይገባናል።

ለአዲስ አበባ አንባቢ የውልና የመዝገብ ጠብ ከቤቱ ሩቅ አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲደረግ ያዛል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ1999 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 21448 ይህን ያላሟላ የቤት ሽያጭ ውል አይጸናም ሲል፣ በእጅ ጽሑፍ ውል ቤት ገዝተው ዓመታት የኖሩ ሰዎች ደነገጡ። ልዩነቱ እኛ ዘንድ ክርክሩ ስለ ቤቱ ብቻ መሆኑ ነው፤ በ1967 ዓ.ም. ከወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ወዲህ የከተማ መሬት የመንግሥት ስለሆነ። በካርቱም የግል መሬትና የመንግሥት መሬት በአንድ ጎዳና ፊትና ኋላ ይገኛሉ፤ አጥሩን በማየት ብቻ መለየት አይቻልም።

በአፕሪል 15 ቀን 2023 በሱዳን ጦርና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል የተነሳው ጦርነት ይህን ሁሉ ወደ ከፋ ደረጃ አደረሰው። ነዋሪው ቤቱን ጥሎ ወጣ፤ ብዙው ሸሃደት ባሕሱን እንኳ ሳይዝ። ቤቶች በታጣቂዎች ተያዙ፣ ተዘረፉ። መንግሥቱ መቀመጫውን ወደ ፖርት ሱዳን አዛወረ። ጦሩ በማርች 2025 ቤተ መንግሥቱን መልሶ ከያዘ በኋላ ሰው እየተመለሰ ነው። ባለቤት በስደት እያለ በሐሰት ውክልና የሚደረግ ሽያጭ አስጊ ነው፤ ተውኪል ሽያጭን በተካበት ገበያ የሐሰት ተውኪል ለመሥራት ብዙ አያስፈልግም። በመተማ በኩል ወደ አገራቸው የተመለሱት ኢትዮጵያውያንም በሰው ስም የገዙትን፣ ለዓመት በቅድሚያ የከፈሉትን ኪራይ፣ ያደሱትን ቤት ጥለው ነው የመጡት።

ከጦርነቱ በኋላ የሚመጣው የሱዳን መንግሥት ሁለት መንገድ አለው። አንዱ የ1970ውን መንገድ መከተል ነው፤ በመዝገብ የሌለ ሁሉ የመንግሥት ነው ብሎ ባዶ የቀሩትን ሰፈሮች እንደ አዲስ መሸንሸን። ሌላው የ1899ኙ ነው። ያን ድንጋጌ ያወጡት ቅኝ ገዥዎች ነበሩ፤ የራሳቸውም ጥቅም ነበራቸው። ቢሆንም ከጦርነት በወጣች አገር ወረቀት እንደማይገኝ አውቀው አምስት ዓመት የኖረን ሰው የጎረቤቱን ምስክርነት ሰምተው ባለቤት አሉት። የሶባ አራዲና የማዮ ነዋሪ ከዚያ የበለጠ አይጠይቅም። የ1990ውን ማሻሻያ ሽሮ ፍርድ ቤቱን መክፈት፣ ቃል ሰሚ ኮሚሽን በየሰፈሩ ማቋቋም፣ ያለ ባለቤቱ በአካል መገኘት የተደረገን የጦርነት ዘመን ሽያጭ ሁሉ ለማጣራት ማገድ ከዚያ ይጀምራል። ባለቤት መሆን ያልተፈቀደለት የውጭ ዜጋም ቢሆን ያፈሰሰውን ገንዘብና የከፈለውን ኪራይ ለዚሁ ኮሚሽን እንዲያመለክት ሊፈቀድለት ይገባል። በሱዳን ያለው የኢትዮጵያ ኤምባሲም በተመላሾቹ እጅ ያሉትን ውሎች፣ ደረሰኞችና የምስክር ስሞች ሰዎቹ ሳይበተኑ ከአሁኑ መሰብሰብ አለበት።